የዋጋዬ ክፍል

«አባባ፣ እስቲ ዜሮዋን እዚያች ችካል ላይ ይያዙልኝ» አለች ዮርዳኖስ፣ የሃምሳ ሜትሩን መለኪያ እየተረተረች።

አቶ ሽባባው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ጭቃው ጫማቸውን እንዳይነካው አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ሆነው ሲሠሩ ሜትር ይዘው አያውቁም። ሜትር የሚይዘው ቀያሹ ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ሰው፣ ቁጥሩን በደብተር ጽፎ ያመጣላቸዋል። እሳቸው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ከፍ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ያንን ቁጥር ቤት ያደርጉታል።

«በእኛ ጊዜ ነዳፊ ሜትር አይይዝም ነበር» አሏት።

«በእናንተ ጊዜ ነዳፊ ደሞዝም ነበረው» አለች ልጅቱ፣ ሳትቀየም። ወደ ባለ ቦታው ዞር ብላም «ጋሽ ወገኔ፣ እርስዎ ይያዙልኝ» አለችው።

ወገኔ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጭቃው ላይ በርከክ አለና ጫፏን ያዘ። ዮርዳኖስ ሦስት ሜትር በዚህ፣ አራት ሜትር በዚያ ለክታ፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው መስመር አምስት መምጣቱን አየች፤ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ችካሉን በመዶሻ መታችው። አቶ ሽባባው ከድንጋያቸው ላይ ሆነው በሆዳቸው «ጎበዝ» አሉ። በአፋቸው ግን አላወጡትም።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ልጅቱ ከተማውን እንጅባራ ትለዋለች፤ አባትየው እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ ቆሰበር ነው የሚሉት። ወገኔ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ግራሩን አክስሎ ሸጦ፣ አሁን ቤት ሊሠራ ነው። ቀበሌው ያለ ፕላን አይሆንም ስላለው፣ ዮርዳኖስ የምትሠራበት ኮምፒውተር ቤት ሄዶ አዘዘ። የኮምፒውተር ቤቱ ጌታ፣ ስማቸው የሚባለው፣ ጊዜ የሚባክንበት ነገር አይወድም። ቦታ ሄዶ ማየት ቀርቶ፣ ደንበኛን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር እንኳ ትርፍ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ዮርዳኖስ ወገኔን በስልክ ጥቂት ጠይቃው፣ በሁለት ቀን ጨርሳ፣ ታትሞ ተሰጠው። ስማቸው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ተቀበለ፤ ለእሷ ስድስት መቶ ሰጣት። በወር እንዲህ ያለ ፕላን ሁለት ይመጣል፤ አንዳንዴም አንድም አይመጣም። ከእሷ ጋር ከተመረቁት ልጆች አንዱ ባሕር ዳር ቢሮ አግኝቷል። ከቀሩት አንዳንዱ ባጃጅ ነድቶ፣ አንዳንዱ ሱቅ ጠብቆ ያድራል።

ከትናንት ወዲያ ታዲያ ወገኔ ደወለላት። ወረቀቱን ገልብጦም ቀጥ አድርጎም አይቶት አልገባው ብሏል፤ መጥታ መሬት ላይ እንድታሳየው ለመናት። ስማቸው እንዲህ ያለ ሥራ የለንም አለ። እሷ ግን ሲባጎዋንና ችካሏን ይዛ፣ የባጃጁን ከኪሷ ከፍላ መጣች።

አቶ ሽባባው አብረዋት የመጡት ሌላ ጉዳይ ኖሯቸው ነው። ዳንግላ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላት ስሜነሽ የምትባል ሴት ለዮርዳኖስ ሥራ ልትሰጣት ነው፤ ካሸር። ሲሚንቶና ብረት ተሸጦ ገንዘቡን መቀበል ነው። በወር ስድስት ሺህ አምስት መቶ። መልሱን ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትፈልጋለች፤ ካልሆነ ለሌላ ልትሰጠው። ባለቤታቸው እታለማሁ ጠዋት በር ላይ ይዛቸው ነበር።

«ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ባንተ ወሬ ኖረች» አለቻቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ እንኳ ስለዚያ ስለ ቀለምህና ስለ ወረቀትህ ሳታወራ እሺ በይ በላት። አባት ነህ፣ ትሰማሃለች።»

እሳቸውም «ደግ፣ እነግራታለሁ» ብለው ወጡ። ሊነግሯት ያሰቡት ግን ሌላ ነው። አሻፈረኝ በይ፣ ሙያሽን አትጣይ ሊሏት ነው። ከቆሰበር እስከዚህ ድረስ ባጃጁ ውስጥ ቃሉን በአፋቸው ሲያዞሩ መጡ፤ ባጃጁ ግን ጩኸቱ አያናግርም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ። እታለማሁ ወሬ የምትለው ነገር ለእሳቸው ወሬ አይደለም። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ብር ሲቀጠሩ፣ የመጀመሪያዋን ደሞዝ እናታቸው ተቀብላ ስማ ነው በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻት። በግ በሠላሳ ብር ይገኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ሲገቡ ጥበቃው ተነሥቶ ኮፍያውን ያነሣላቸዋል። ትሬሲንግ በሚባለው ስስ ወረቀት ላይ ቀለም ሲወርድ ትንፋሽ ይያዛል፤ መስመር ከተበላሸ በምላጭ ቀስ ብሎ ይፋቃል። ቅጂው፣ ብሉ ፕሪንቱ፣ ሲወጣ የማተሚያው አሞኒያ ዓይን ያስለቅሳል፤ ከዚያ እንደ ታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ይሰጣል። ያ ሽታ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ አፍንጫቸው ላይ ይመጣባቸዋል።

ዮርዳኖስ በኋላ ዘመን የመጣች ልጅ ናት። ትንሽ ሆና ቅዳሜ ጠዋት ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ የእርሳስ ቅርፊት ትለቅማለች። ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ቁጥርን እንደ ነዳፊ መጻፍ አስተማሯት። አንደኛ ክፍል ስትገባ አራት ቁጥሯን እንደ ተቆረጠ ብረት ቀጥ አድርጋ ስትጽፍ፣ አስተማሪዋ አባቷን አስጠርታ «ይህን ማን አሳያት?» አለቻቸው። አቶ ሽባባው ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ መሬቱን መርገጣቸውን አያስታውሱትም። ልጅቱ አድጋ ኮሌጅ ገብታ ድራፍቲንግ፣ የእሳቸውን ሙያ፣ ስትመርጥ የመረጡላት እሳቸው አልነበሩም። ያቺ አራት ቁጥር ግን የማን እጅ እንዳለባት ያውቃሉ።

ዮርዳኖስ የመጨረሻውን ሲባጎ ቋጠረች። ነጩ ክር በእርጥቡ ሣር ላይ ቤት ሆኖ ተዘረጋ።

«ይኸው፣ ጋሽ ወገኔ። ይግቡ። በሩ በዚህ ነው» አለችው።

ወገኔ እውነት በር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሳሎኑን በእርምጃው ለካ፣ በአገውኛ ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። የእሱና የባለቤቱ የደጊቱ መኝታ፣ የሁለቱ ልጆች መኝታ፣ ሁሉንም እየዞረ አየ። ፊቱ በርቷል። ከዚያ መሀል ላይ ቆመ።

«የዋጋዬስ?» አለ።

«ይቺ ናት የዋጋዬ» አለች ዮርዳኖስ፣ ወደ ዳር ያለችውን ትንሽ ክፍል እያሳየችው። «መጸዳጃው እንዲቀርባት ብዬ ነው እዚህ ያደረግኋት።»

ወገኔ ዞሮ አያት። «መጸዳጃው?»

«ጉልበቷን ያማታል አላሉኝም? በብርድ ወደ ውጭ መውጣት እንዳትቸገር ነዋ።»

«ብያለሁ። እውነት ነው፣ ያማታል።»

«መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች። አልጋዋ በዚህ በኩል ይሆናል፤ ስትነሣ እንድትደገፍ ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ አድርጌላታለሁ።»

«አልጋ» አለ ወገኔ ቀስ ብሎ። «የእጅ መያዣ።»

አቶ ሽባባው ከድንጋያቸው ላይ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። ልጃቸው በስልክ ምን እንደ ጠየቀችው ነግራቸው ነበር። ስንት ናችሁ ብላዋለች። እሱም፣ አምስት ነን፤ እኔ፣ ደጊቱ፣ ሁለት ልጆች፣ ዋጋዬ፤ ዋጋዬ አርጅታለች፣ ብርድ አትችልም፣ ከእኛ ጋር አንድ ጣራ ሥር እንድታድር ነው የምፈልገው ብሏታል። ዮርዳኖስም አክስቱ ትሆን እናቱ ብላ ሳትጠይቅ፣ ለአሮጊቷ አዝና ያችን ክፍል ከሁሉ አስበልጣ ደክማባታለች። ፕላኑ ላይም በዚያ ባማረ ጽሕፈት «የእማማ ዋጋዬ መኝታ» ብላ ጽፋለች።

ወገኔ ወደ ቀርከሃው አጥር ዞሮ ባለቤቱን ተጣራ። ደጊቱ ከጓሮ ብቅ አለች፤ በእጇ ልጓም ይዛለች። ከኋላዋ አንዲት ቀይ ባዝራ ፈረስ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ የፊት እግሯን እያነከሰች መጣች።

«ዋጋዬ፣ ነይ ክፍልሽን እይ» አላት ወገኔ። «አልጋ ተዘርግቶልሻል።»

ደጊቱ ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ባዝራዪቱ ሲባጎው ጋ ደርሳ ቆመች፤ አሽትታ ትንፋሿን እፍ አለችበት። ሰባ ሳንቲ ሜትር ነበር በሩ። ሆዷ ብቻ ከዚያ ይሰፋል።

«እኔ እኮ ከሰው ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አርሼ ነው የገዛኋት» አለ ወገኔ፣ አንገቷን እየደባበሰ። «ለዚያ ነው ዋጋዬ ያልኳት። ደጊቱን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ያደረሰቻት እሷ ናት። ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ስንት ዓመት ከፊት ከፊት ሆና ጋልባለች። አሁን ስታረጅ ዝናብ ላይ ላሳድራት?»

ዮርዳኖስ አልሳቀችም። ፊቷ ደም መስሎ ነበር። ወረቀቱን ጠቅልላ፣ ከአባቷ ድንጋይ አጠገብ ሄዳ ጉቶ ላይ ቁጭ አለች። ወገኔ ምንም አይደል፣ ይስተካከላል እያለ ቢያባብላትም ቀና አላለች።

«ሰው ሲሰማ ምን ይላል?» አለች፣ ለአባቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ለፈረስ አልጋ ነደፈች። የዳንግላው ይሻለኛል። ገንዘብ መቁጠር ይህ የለበትም።» ጥቅሉን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጨመረች። «እርስዎ ቢሆኑ እንዲህ አይሳሳቱም ነበር።»

አቶ ሽባባው ይህን ቃል ሲጠብቁት የኖሩት ይመስል ነበር። አዎ፣ በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፣ አይዞሽ፣ ሙያሽን አትልቀቂ፣ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ዓይናቸው ሲባጎው ላይ ወደቀ። በሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት ብዙ ዘመን ያልተነካ አንድ ነገር ከውስጣቸው ተነሣ።

«አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ» አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የገበሬ እህል መጋዘን ነደፍኩ። ቦታውን ሳላይ። ከጠረጴዛዬ ሳልነሣ። ወረቀቱ ላይ ያማረ ነበር፤ አለቃዬ ይዞት ለሰው ያሳይ ነበር። በሩን ግን ያደረግኩት ክረምት ነፋሱና ዝናቡ በሚመጣበት ፊት ነው። የአገሩን ሰው ብጠይቅ ሕፃን ልጅ እንኳ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም። በነሐሴ የሦስት ቀበሌ እህል በሰበሰ።»

«ታዲያ ምን አሉዎት?»

«ከአለቃዬ በቀር ማን ያውቃል ብለሽ ነው? እሱም አፍሮ አላነሣብኝም። ወሬው እንደ መጣ ማህደር ቤት ገብቼ ትሬሲንጉን አወጣሁ። ነዳፊ ከሚለው ላይ ስሜን በምላጭ ፋቅኩት።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንዲህ አድርጌ ነው የፋቅኩት፣ ወረቀቱ እንኳ አልሳሳም። እጄ ጎበዝ ነበር። ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅ። እናንተን ሳወራችሁ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ነጩ ሸሚዝ ብቻ ነው የማወራው። ከመቀጠሬ በፊት ሁለት ዓመት ሥራ አጥቼ ጥሊሊ ገበያ ድንች በጀርባዬ መሸከሜንም አልነገርኩሽ።»

ዮርዳኖስ ጥቅሉን ፈትታ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ግርጌው ላይ፣ ነዳፊ የሚለው ሣጥን ውስጥ፣ «ዮርዳኖስ ሽባባው» ይላል። የአባትና የልጅ ስም ጎን ለጎን። አቶ ሽባባው ያን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ ቀርከሃው አጥር አዞሩ።

«እኔ ምላጭ አልያዝኩም፣ አባባ» አለች፣ በከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ብላ። «ስለዚህ ችካሉን ልንቀለው።»

ተነሥታ ሄደች። ወገኔን ባዝራዪቱን ቀጥ አድርጎ እንዲያቆማት ጠየቀችው። ከኮቴዋ እስከ ጀርባዋ፣ ከደረቷ እስከ ጭራዋ ለካቻት። ከዚያ አንድ ጊዜ ዞራ እንድትመለስ አድርጋ፣ ኮቴዋ ጭቃው ላይ የተወውን ክብ ለካች። ጉልበቷ የሚያማት ፈረስ በጠባብ አትዞርም አለ ወገኔ፤ እሱንም ጻፈች። ሽንቷ ወዴት እንደሚፈስ፣ ነፋሱ በክረምት በየት እንደሚመጣ፣ ልጆቹ የሚተኙበት ግድግዳ በየት በኩል ቢሆን እንደሚሞቃቸው ጠየቀች። ደጊቱ ሳቋን ትታ ልትነግራት ቀረበች። ለወንድ ያልተነገረ ስንት ነገር ነበራት፤ ጭሱ፣ እንጨቱ፣ ምድጃው። ዮርዳኖስ ሁሉንም በዚያች እንደ ተቆረጠ ብረት ቀጥ ባለች ቁጥሯ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አሰፈረችው።

«ስንት ቤት ሲሠራ አይቻለሁ» አለ ወገኔ። «ፈረስ የለካ ሰው ግን አላየሁም። የዚህስ ስንት ነው?»

«የምኑ?»

«የክሩ። ወረቀቱን የገዛሁት ለቀበሌው ነው። እኔ ቤቴን ያየሁት ዛሬ ነው። ጥሊሊ ያለው ወንድሜም ከፋሲካ በኋላ ሊጀምር ነው፤ የእሱም ወረቀት አልገባውም። እዚህ ጎረቤትም ሁለት አሉ።»

ዮርዳኖስ ለክር ዋጋ ተጠይቃ አታውቅም። አባቷን አየች። አቶ ሽባባውም የክር ዋጋ አያውቁም።

«ስድስት መቶ» አለች።

«አምስት መቶ አርጊልኝ።»

«ስድስት መቶ፣ ጋሽ ወገኔ። ዋጋዬ የወለደቻት ውርንጭላ ካለች እሷንም ጨምሬ እለካለሁ።»

ደጊቱ እንደገና ሳቀች፤ ወገኔም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው፤ ገና ስምንት ሰዓት ተኩል። ስሜነሽ ቸኩላለች። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ዮርዳኖስ ከመንገዱ ዳር ያለችው ጉብታ ላይ ወጣች። አቶ ሽባባው ከድንጋያቸው ላይ ሆነው አንጋጠው አዩዋት። አሁን ነው የሚናገሩት፣ ካልተናገሩ አለቀ። ከድንጋያቸው ሊወርዱ አንድ እግራቸውን አነሡ። ግን ሄደው ምን ሊሏት? የእታለማሁ እሺ የራሷ ነው፤ የእሳቸው እምቢታም የራሳቸው፣ ያውም የቆየ፣ አሞኒያ የሚሸት። እግራቸውን መለሱት።

«ሰላም፣ እትዬ ስሜነሽ» አለች ልጅቱ። «አዎ፣ እገባለሁ። ከሰኞ ጀምሮ። አንድ ነገር ግን አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አልገባም።»

ከዚያ ማዶ ያለችው ሴት ብዙ ተናገረች። ቅዳሜ ሰው የሚበዛበት ቀን መሆኑ፣ ካሸር ያለ ቅዳሜ ካሸር አለመሆኑ፣ ሌላም ሌላም፤ ቃሉ ባይሰማም ዜማው ይሰማል። ዮርዳኖስ በትዕግሥት ሰማቻት።

«ገብቶኛል፣ እትዬ። ቅዳሜ የራሴ ሥራ ስላለኝ ነው።» ደግሞ ሰማች። «ስንት ነው የሚቀነሰው? ሺህ?»

ዓይኗን ወደ ሣሩ መለሰች፤ ክሩ ላይ፣ ደጊቱ ላይ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቅጠል በምትለቅመው ባዝራ ላይ።

«ይቀነስ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ወረደች። ለአባቷ ምንም አላብራራችም፤ አንድ የቀረ ነገር ብቻ ነበር፣ የዋጋዬ አዲሱ ክፍል። ችካሎቹን ከቦታቸው ነቅላ አዲሱ ቦታ ላይ ደረደረቻቸው። ወገኔ ባዝራዪቱን ሊያስር ወደ ጓሮ ሄዷል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ» አሉ አቶ ሽባባው።

«እ?»

«ሜትሩን ማን ይይዝልሻል?»

«የቤቱ ባለቤት ይይዛላ። ወይ ድንጋይ እጭንበታለሁ።»

«ድንጋይ ዜሮ አያውቅም።»

ዮርዳኖስ መለኪያውን እንደ ያዘች ቀና አለች። አባቷ ጃንጥላውን ለደጊቱ ሰጧት። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ከዚያ ከዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወረዱ፤ እታለማሁ ጠዋት የወለወለችው ጫማቸው እስከ ማሰሪያው ጭቃው ውስጥ ገባ። ጉልበታቸው እንደ ዋጋዬ ጉልበት ነው፣ ቶሎ አይታጠፍም። ቀስ ብለው በርከክ አሉ፣ የመለኪያውን ጫፍ ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ፣ ችካሉ አናት ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጫኑት።

«ዜሮው እዚህ ነው» አሏት። «ሂጂ፣ ጎትቺ።»